ከእርግጫው ይሁን ብዬ የለመንኩ ለት

ልጄን ጨፋ ሮቢት በዳርኳት በስድስተኛው ወር ሆዷ ገፋ። የባሏ እናት እርጉዝ ናት ብላ ለገበያው ሁሉ አወራች። ልጄ ያስመልሳታል፣ ምግብ አይረጋላትም፤ እሱም የእርግዝና ነው ተባለ። አራት የወለድኩት እኔ እንኳ አመንኩ። ከሚሴ ቁጭ ብዬ የሕፃን ማቀፊያ አሰናዳ ነበር።

ልትጠይቀኝ የመጣች ቀን አየኋት። ፊቷ ገርጥቷል፤ ሆዷ ያበጠው ደግሞ ከእምብርቷ በላይ ነው፣ ታች ምንም የለም። ደነገጥኩ። ባሏን ሳላስፈቅድ ክሊኒክ ወሰድኳት። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰውዬ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትት ቆየና ፅንስ የለም አለኝ። ከጨጓራዋ ኋላ፣ ቆሽቷ ላይ፣ ውሃ ቋጥሯል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ይሄ መሣሪያ አይለየውም፣ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ሲቲ ስካን ትነሳ አለ። ቆሽት እኔ ስናደድ አረረ የምለው ነገር እንጂ ሰው የሚታመምበት አይመስለኝም ነበር።

ወሬው ጨፋ ለመድረስ ቀን አልፈጀም። የባሏ እናት የልጄን ልብስ በፌስታል አስራ በጎረቤት ላከችልኝ። በሽተኛ ድራ አታለለችን ብላለች አሉኝ። ፌስታሉን ተቀብዬ ጓዳ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ልጄ ትትረፍልኝ፣ ከዚያ እሷን አገኛታለሁ አልኩ በሆዴ።

አዲስ አበባ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፣ ትዕግሥት አለው። ቆሽት ላይ የሚቋጠር ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም ብሎ አስረዳኝ። አንዱ ቆሽት ተመትቶ ወይም ቆስሎ የሚመጣ ነው፤ ፎቶው ላይ ዙሪያው ወፍራም፣ ውስጡ ግን አንድ ወጥ ውሃ ሆኖ ይታያል። እሱ ክፉ አይደለም፤ በራሱ ይጎድላል፣ ካልሆነም ይቀዳል። ሌላው ውስጡ እንደ ብርቱካን የተከፋፈለ፣ ከግድግዳው ላይም እንደ ኪንታሮት የበቀለ ነገር ያለው ነው። ያኛው ካንሰር ሊሆን ይችላል አለኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ ከብት ረግጦሽ ወይ ወድቀሽ ሆድሽን ተመተሽ ታውቂያለሽ ሲል ጠየቃት። እኔን አየት አደረገችና አላውቅም አለች።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ያ አላውቅም የእውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ፣ ሰው እንዳይሰማን በኦሮምኛ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እያልኩ ለመንኳት። አልቅሳ ነገረችኝ። በተጋቡ በሦስተኛው ወር ባሏ በጫማው ሆዷን ረግጧታል። እናቱ በር ላይ ቆማ አይታለች። ለእናትሽ ትነግሪና ታያለሽ ያለቻት እሷ ናት። ሆዷ ሲያብጥ ደግሞ እርጉዝ ናት አለች።

ለሐኪሙ ነገርኩት። ይጠቅመኛል፣ ግን ፎቶው መመስከር አለበት አለ። ልጄን ያን ክብ መሣሪያ ውስጥ ሲያስገቧት እኔ ኮሪደሩ ላይ ዱዓ ያዝኩ። ያ ረቢ፣ ከእርግጫው ይሁን። ልጄ ተረግጣ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ከእርግጫው ከሆነ ልጄም ትተርፋለች፣ እነሱም አያመልጡኝም። ሌላው ከሆነ ግን ከበሽታዋ እነሱ ንጹሕ ናቸው፣ እኔም ልጄን እቀብራለሁ። ፍርሃቴና ቂሜ የቱ ይበልጥ እንደነበር አላህ ይወቀው።

ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በጣቱ አሳየኝ። ውስጡ ወጥ ነው፤ ክፍልፋይ የለውም፣ የበቀለም ነገር የለም፤ የቆሽቷ ዙሪያ ቆስሏል።

«እናት፣ ይሄ ከምቱ የመጣው ነው» አለኝ። «ለማረጋገጥ ግን ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን።»

ሦስቱን ወር እንቅልፍ አልነበረኝም። በሁለተኛው ፎቶ እጅግ ጎድሎ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ቃዲ ፊት ቀርበን ኒካሁን አፈረስን። ሰው ስለ ዝምታዬ ሲያመሰግነኝ ምሬያቸው መስሎት ነው። እኔ እየጠበቅኩ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የባሏ እናት ሐጅ ልትሄድ ተነሳች። እኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው በየደጁ ዞሮ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ሳይል አይወጣም፤ የበደለውን ሰው ሐቅ ተሸክሞ መሄድን ይፈራል። ሁለት ሽማግሌ አስከትላ ቤቴ መጣች። ያስቀየምኩሽ ካለ አውፍ በይኝ አለች፣ ለሁሉም ቤት እንዳለችው። በፊት አንቱ ነበር የምላት።

«ካለ አይባልም» አልኳት። «በር ላይ ቆመሽ ያየሽውን ተናገሪ።»

ሽማግሌዎቹን አየች፣ መሬቱን አየች። 

«ሲረግጣት አይቻለሁ። እንዳትናገሪ ያልኳትም እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ተናገረች፣ ለአላህ ብለሽ አውፍ በያት አሉኝ። ተነሳሁ።

«አልልም። ካዕባን ስትዞሪ የእኔን ሐቅ ተሸክመሽ ዙሪ።»

ያለ አውፍ ወጣች። ልጄ ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ወጣ ብላ፣ እማ፣ እኔ እኮ ድሮ አውፍ ብያታለሁ፣ ተይያት አለችኝ። ሆዷን በስስት አየሁት፤ ጠፍጣፋ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

«የራስሽን ሰጥተሻታል» አልኳት። «ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከእርግጫው ይሁን ብዬ የለመንኩት ግን እኔ ነኝ።»