መርዶ ይዘን ወደ ልደታ

ከደሴ የተነሣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። የሄድነው ለወንድሜ ለሁሴን ልጅ ለሰሚራ የአባቷን ሞት ልንነግራት ነበር። ሰሚራ እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ያደገችው አዲስ አበባ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የእናቷ እህት ፋጡማ ዘንድ ነው። ወንድሜ ያረፈው ልጅቷ ለአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስትዘጋጅ ስለነበር፣ ዘመድ ተሰብስቦ መከረና ፈተናዋን ሳትጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። አባቷን ፈልጋ በደወለች ቁጥር አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ገብቷል ስንላት ከረምን። ፈተናው ሲያልቅ፣ የአባቷ እህት ነሽና አንቺ ሂጂ ተባልኩ።

አብረውኝ የሄዱት ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ናቸው። በሰፈራችን ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም። ኮምቦልቻን አልፈን ሙቀቱ ሲጀምረን፣ እሳቸውም ትምህርታቸውን ጀመሩልኝ። መርዶ እንደ ገንፎ ከዳር ከዳሩ ነው የሚጀመረው አሉኝ፤ መጀመሪያ አሞታል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል፣ ዋናው ነገር ግን ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ንጋት ላይ ነው። እኔ መስኮት መስኮቱን እያየሁ እሺ እላለሁ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ደብረ ሲና

ለምሳ ወረድን። እሳቸው ጥብሳቸውን አጣጥመው በሉ፤ እኔ ሻይ ብቻ ጠጣሁ። ተመልሰን ስንሳፈር ቆሎ ሻጮቹ የአውቶቡሱ መስኮት ድረስ ተንጠልጥለው ሲጠሩን፣ ሰሚራ የደብረ ሲና ቆሎ እንደምትወድ ትዝ አለኝና አንድ ጥቅል በአሥር ብር ገዛሁ። ወዲያው አፈርኩ። መርዶ ይዞ ቆሎ የሚገዛ ሰው የት ይገኛል? ጣርማ በርን ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ብርዱ ጋቢዬን አልፎ ገባ።

ልደታ

አዲስ አበባ ስንደርስ ቀኑ ወደ ማታው እያዘነበለ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ በሚኒባስ ልደታ ወረድን። ፋጡማ መንገድ ላይ ጠብቃን በጓሮ በኩል ይዛን ገባች። ሰሚራ ሳታየን ጎረቤት አድረን፣ እሑድ ንጋት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ልንገባ ነበር የታሰበው።

ግቢው መሐል፣ ነዋሪው ለሠርግም ለለቅሶም የሚጠቀምበት የጋራ አዳራሽ አለ። በአጠገቡ ስናልፍ ከውስጥ የሴት ልጅ ጩኸት ተሰማ። ቆምኩ። ስንት ለቅሶ ቤት ውያለሁ፤ የሐዘን ጩኸት ከሌላ ጩኸት ጋር አይምታታብኝም።

"ማን ነገራት?" አልኩ።

ፋጡማ ሳቀችብኝ። ሰሚራ ቴኳንዶ እየተማረች ነው፣ የፈተናውን ጭንቀት ያቀልላታል ብዬ ነው የፈቀድኩላት አለች። አላመንኳትም። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ነጭ የለበሱ ልጆች ተሰልፈዋል። ሰሚራ አሠልጣኙ የያዘላትን ትራስ በእግሯ ትመታለች፤ በመታች ቁጥር ትጮኻለች። ሌሎቹም ይጮኻሉ፤ ደንቡ ነው። የእነሱ ጩኸት ግን ከምቱ ጋር ያበቃል፤ የእሷ እግሯ መሬት ከነካም በኋላ አይቆምም።

አየችን። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጋሽ እንድሪስን። ለአሠልጣኙ እጅ ነሥታ በባዶ እግሯ ወደ እኛ መጣች። ጋሽ እንድሪስ ተደናግጠው፣ አባትሽን ትንሽ አሞት ነበር ብለው ከዳር ጀመሩ።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች። "የተቀበረ ዕለት በስልኩ ደውዬ ነበር። ሌላ ሰው አነሣው። አክስቴ፣ ከኋላ እርስዎ ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ድምፅዎን ለየሁት።"

ፋጡማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ሁሉ ጊዜ እኛ ስንዋሻት እሷ እያወቀች ስትሰማን ኖራለች። እንዴት ዝም አልሽ አልኳት።

"ለፈተናዬ ብላችሁ ነው የለፋችሁት፤ አሳዘናችሁኝ። ቤት ብጮህ ለምን ትሉኛላችሁ። እዚህ ለምን የሚለኝ የለም፤ ጨምሪ ነው የሚሉኝ።"

አሠልጣኙ ትራሱን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። ሰሚራ እጄን ያዘች።

"አሁን በወጉ ንገሩኝ። እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።"

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ አዩ። ንጋትም ሽማግሌም አልጠበቅኩም። "ልጄ፣ አባትሽ ሞቷል" አልኳት። ደረቴ ላይ ወደቀች። የጎረቤት ሰው አግዳሚ ወንበር እየተሸከመ መጣ፤ ለቅሶውም እዚያው አዳራሽ ተቀመጥን።

መልስ

ወደ ደሴ ይዣት ስመለስ አጠገቤ ተቀምጣለች። ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን ድንገት ጠየቀችኝ፦

"ታሞ ሳለ ጠርቶኝ ነበር?"

ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ዘመድ ለዚህም መልስ አዘጋጅቷል፤ ከመጀመሪያው ራሱን አያውቅም ነበር በያት ተብያለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"ጠርቶሽ ነበር" አልኳት። "ደጋግሞ ነው የጠራሽ። ፈተናዋ ይለፍ ያልነው እኛ ነን።"

እጇን ከእጄ አወጣች። ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ልጅቷን በቃ አጣኋት አልኩ። አውቶቡሱ ሲቆም ወርዳ ማንጎ ገዝታ መጣች፤ ልጣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"ንዴቴ አልበረደም" አለች። "ግን ይብሉ፤ ከትናንት ጀምሮ አልበሉም።"

እየበላሁ አለቀስኩ። መርዶ የምንደብቀው ለልጅ አዝነን ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጁ ሲያለቅስ ማየት እኛን ስለሚያስፈራን ነው።

ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር። ሴቶቹ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ሳለች አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ልጅቷ ቻለችው ወይ አለችኝ።

"ይኸው ቆማለች" አልኳት፤ "ራሷን ጠይቂያት።"