ከታች የተከፈተው ካርቶን

የባለቤቴን ታላቅ እህት ሰፈሩ «እሽጌ» ይላታል። ትክክለኛ ስሟን የምናውቀው እኔና ባሌ ብቻ ነን፤ አንዳንዴ እሷም የረሳችው ይመስለኛል። ሥራዋ ማሸግ ነው። ቤታቸው ቁጭ ብለው በስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች፣ ሳሙና ሠሪዋ፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ ቦርሳ ሰፊው፣ ባሕር ማዶ ገዢ ባገኙ ቁጥር ዕቃቸውን ታቅፈው እሷ ዘንድ ይመጣሉ። ትመዝናለች፣ ታሽጋለች፣ አድራሻ ትለጥፋለች። ከዚያ ወንድሟ፣ የእኔው ጉድ ማለት ነው፣ በአሮጌ መኪናው ጭኖ አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ያደርስላታል። እኔም ሥራ ስፈታ እየሄድኩ ወረቀት እቆርጥላታለሁ፣ ወሬም አቀብላታለሁ።

እሽጌ ፈሪ ናት። ሊፍት አትገባም፣ ውሻ ካየች መንገድ ትቀይራለች፣ ከማታውቀው ቁጥር ከተደወለላት ስልኩን የማነሳላት እኔ ነኝ። የማትፈራው አንድ ነገር ቢኖር የገዛ እጇን ነው። ዕቃውን በባለ አረፋው ፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ማዕዘኑን በወረቀት ጠቅጥቃ ከዘጋችው በኋላ ካርቶኑን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትነቀንቀዋለች። ካንኳኳ እንደገና ትፈታዋለች። የቴፑን ጫፍ ደግሞ ሁልጊዜ አጠፍ አድርጋ ነው የምትተወው፤ ተቀባዩ ሲከፍት ጥፍሩ እንዳይሰበር።

«ለዚህ ማን ሊያመሰግንሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጥፍሩ» አለችኝ።

ያንን የታጠፈ ጫፍ ጭነት ክፍል ያሉትም ያውቁታል። የሌላ ሰው ካርቶን ተከፍቶ ሲበረበር የእሷ በማሽን ብቻ ታይቶ ይገባል። «የእሽጌ ከሆነ አሳልፈው» ይላል ተቆጣጣሪው። የእሷም የእኛም ቤት ኑሮ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጭነቱ ከሄደ ወዲያ፣ ወለሉን እየጠረግን ሳለ ስልኳ ጮኸ። መብራት ሠሪዋ ነበረች። ከሸክላ የአልጋ ራስጌ መብራት ትሠራለች፤ ሆዱ ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ትገጥምበታለች። እኔም እንድሰማ እሽጌ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እሽጌዬ፣ ገዢዋ የመለሰቻት መብራት ደርሳለች አይደል?»

«ትናንት ወንድሜ ከፖስታ ቤት አምጥቷታል። መደርደሪያ ላይ ናት።»

«በይ ቤት ውስጥ እንዳታሳድሪያት። ገዢዋ አሁን ፎቶ ላከችልኝ፤ ባትሪዋ አብጧል። ይግላል ትላለች። አሸዋ ላይ አውጥተሽ አስቀምጪልኝ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

እሽጌ ስልኩን እንደያዘች ወደ መደርደሪያው ሄደች። የተመለሰ ዕቃ የሚቀመጠው ከታች ነው፤ ባዶ ነበር። ከላይ፣ የሚላኩት ከሚደረደሩበት፣ አንድ የመብራት ካርቶን ቀርቷል። አነሳችው፣ ገለበጠችው። ላዩም ታቹም የራሷ ቴፕ ነው፣ ማንም አልነካውም።

«ገዢዋ ካርቶኑን በየት በኩል ነው የከፈተችው?» ስትል ጠየቀች።

«ምኑን አውቄው! ፎቶው ላይ ከታች የተቀደደ ይመስላል።»

እሽጌ ክው አለች። ነገሩ ለእኔም የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ባሌ የፖስታ ቤቱን ከረጢት በር ላይ ቀድዶ ጥሎ፣ ውስጡ ያለው ካርቶን የእህቱን ቴፕ የለበሰ ሆኖ ቢያገኘው ከሚላኩት ጋር ደረደረው። እሷም ጠዋት አዲስ የመብራት ትዕዛዝ ሲመጣላት ያንኑ አንሥታ ላዩን ብቻ አየች፤ የራሷ ቴፕ ነው፣ ጫፉም ታጥፏል። አሮጌ አድራሻ ነበረበት። ግን ገዢ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር አዲሱን አድራሻ በአሮጌው ላይ መለጠፍ የሰርክ ሥራዋ ነው። ታቹን፣ ገዢዋ ቀድዳ መልሳ የለጠፈችውን፣ ገልብጣ አላየችም፤ ነቀነቀችው፣ ድምፅ አላሰማም። ሌላ ሰው ያሸገው ቢሆን ኖሮ ትከፍተው ነበር። የራሱን እጅ የሚጠረጥር ማን አለ?

«በተሳፋሪው አውሮፕላን ነው የሚሄደው» አለች። «ከላይ ሰው፣ ከታች ካርቶን።» ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ጭነት ክፍል ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደግሜ ደወልኩ። ይኼኔ ባሌ እያፏጨ ገባ። ስንነግረው ፉጨቱ ከከንፈሩ ላይ ጠፋ፤ ግን ወንድ አይደል፣ ወዲያው ብልህ ልሁን አለ።

«እህቴ፣ ተረጋጊ። በየቀኑ ስንት ባትሪ ይበራል? ይሄ ሁሉ ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ ይዞ አይደል እንዴ የሚሳፈረው? ሄደሽ ከተናገርሽ ዳግመኛ አያምኑሽም። በቃ፣ አለቀልን። ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም» አለች እሽጌ። «ይነድዳል።»

ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ባሌ እኔን አየኝ። «ቁልፉን ያዝና ና!» ብዬ ጮህኩበት። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

መኪናው ውስጥ እሽጌ ጣቶቼን ጨብጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ወደ አየር ማረፊያው ስንታጠፍ አንድ አውሮፕላን ከቤቶቹ ጀርባ ብድግ ሲል እጄን ልትሰብረው ምንም አልቀራት።

«የእኛ ነው?» አለች።

«አይደለም። የእኛ ገና ነው» አለ ባሌ። ነዳጁን ግን ይበልጥ ረገጠው። እኔም በሆዴ፣ የፈሩት ይደርሳል የሚለውን አባባል ያወጣውን ሰው እየረገምኩ ነበር።

ባሌ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጭነት ክፍሉ በር ላይ ጥበቃው «ለዛሬ ተዘግቷል» ብሎ እጁን ዘረጋ። እሽጌ፣ ያቺ ስልክ ማንሳት የምትፈራው፣ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«አውሮፕላኑን አቁሙልኝ!»

ጥበቃው ሳቀ። «እናት፣ ታክሲ መሰለዎት እንዴ?»

ጩኸቱን ሰምቶ ተቆጣጣሪው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። እሽጌ ስታየው ዓይኗን ወደ ነጠላ ጫማዋ ጣለች። እኔ ልናገርላት አፌን ከፈት ሳደርግ በክንዷ ገፋችኝ።

«ከካርቶኖቼ በአንዱ ውስጥ የተበላሸ ባትሪ አለ» አለችው። «ያበጠ። ሳላየው ላክሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእርስዎ ካርቶን ውስጥ?»

«የእኔ።»

«በማሽን አልፏል እኮ» አለ፤ እንዳለም ፊቱ ተለዋወጠ። ማሽኑ ባትሪ መኖሩን ነው የሚያየው፣ መታመሙን አያይም። ብርጭቆውን ለጥበቃው አቀብሎ በሬዲዮኑ እየጮኸ ሮጠ።

ጭነቱ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ተሳፋሪው ገና አዳራሽ ውስጥ ነው፣ እግዜር ይመስገን። ሁሉን አወረዱትና ሜዳው ላይ ዘረገፉት፤ እንድትለይላቸው እኛንም አስገቡን። እሽጌ ከካርቶኖቿ መሀል ታቿ በሌላ ቴፕ የተለጠፈባትን ከሩቅ ለይታ «ያቺ» ብላ ጠቆመች። «ራቅ በሉ!» አሉን። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ ካርቶኑን በቢላ ሰነጠቀው።

ሸክላው ለሁለት ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ባትሪው ተነፍቶ ወጥቷል፤ ነጩ መጠቅለያ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ሸክላው ላይ ተጣብቋል። እንደ ጥፍር ቀለም ያለ ሽታ እኛ እስካለንበት መጣ። ሠራተኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ በረጅም ጉጠት አንሥቶ አሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀበረው።

ተቆጣጣሪው ላቡን እየጠረገ መጣ። ያመሰግናታል ብዬ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ጭነት አንቀበልም» አላት። «ተጣርቶ እንጠራዎታለን።»

«ካልጠራችሁኝስ?»

«ያኔ አልጠራንዎትም ማለት ነዋ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ይጠብቁ፤ ቃልዎን እንቀበላለን።»

አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። ሕፃናት በእናቶቻቸው ትከሻ ላይ ተኝተዋል፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ጠረጴዛውን እየደበደበ ይጮሃል። እሽጌ ከአንዲት አሮጊት ጎን ባዶ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች። እኔ ቆምኩ።

«አንዱ የማይሆን ዕቃ ጭኖ ነው አሉ» አሏት አሮጊቷ። «ልጄ እዚያ ማዶ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንዲህ ያንገላታንን ሰው እጁን ይስበረው!»

እኔ አፈኛ ነኝ፣ አልደብቅም፤ ልመልስላቸው ስል እሽጌ እግሬን ረገጠችኝ። አሮጊቷን አየቻቸው። በትከሻ ላይ የተኙትን ሕፃናት አየች፣ ያን ጯሂ ሰውዬ አየች።

«አሜን፣ እማማ» አለች።

ግቡ ተባለ። አሮጊቷ ቦርሳቸው ከበዳቸው። እሽጌ ተቀብላቸው እስከ በሩ ተሸከመችላቸው። ስታቀብላቸው የቦርሳው ማንገቻ ሲርገፈገፍ ከኋላ ሆኜ አየሁት።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«አይዞሽ» አሏት አሮጊቷ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ። «ምንም አንሆንም።»