ስድብ የተከለከለበት ሳምንት

ዙማና ኩሊባሊ ከአህያ ጋሪ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ስልኩን ወደ ላይ አቅንቷል። ጋሪው ላይ የተጫነው ሐብሐብ በጣውላዎቹ ክፍተት ሆዱ ሆዱ ብቻ ይታያል። አህያዋ በጅራቷ ፊቱን ገረፈችው። አልተነቃነቀም።

«ዙማና! ካንዴላ ትሸጥልኛለህ ወይስ አህያዋን ልታልባት ነው?» አለ ሱቁ ደጃፍ ሞተር ሳይክሉን ይዞ የቆመ ደንበኛ።

«አንዴ ብቻ። ፀሐይዋ ልታመልጠኝ ነው።»

«ፀሐይዋ ነገም ትወጣለች። ሚስቴ ግን ዛሬ ትገድለኛለች።»

ዙማና ፎቶውን አነሳና እየተንፏቀቀ ወጣ። ካንዴላውን አቀበለው። ወዲያው ፎቶውን ወደ «ያየሁት» ሊልክ ስልኩን ነካ። ስልኩ እምቢ አለ። ደግሞ ነካ። «የዚህ ግሩፕ አባል አይደሉም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ያየሁት» የማሊዋ የሴጉ ከተማ ፎቶ ወዳዶች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ግሩፕ ነው። አንድም ባለሙያ የለበትም። አንዱ አባል በር ብቻ ያነሳል። አንድ ጡረተኛ ወታደር የተኙ ድመቶችን ያነሳል። አዋላጇ ሳራን ኬይታ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን እግር ትለጥፋለች። የሞተር መለዋወጫ ነጋዴው ዙማና ግን ምርጫ የለውም፤ የዛገ ሰንሰለት፣ ጎርፍ የወሰደው ወንበር፣ የሙሽራ ጫማ፣ ዓይኑ የገባ ሁሉ ይለጠፋል።

ይህን ሁሉ ዓመት ያነሳው ፎቶ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው። የቀድሞ ስልኩ ባለፈው ክረምት ጆሊባ ወንዝ ገብቶ ቀርቷል። ከፎቶዎቹ መካከል የአባቱ አለ። ሟቹ አባቱ ካሜራ አይወዱም ነበር፤ በዚያ ፎቶ ላይ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው አንስተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ፎቶ አንሺውን ሊመቱ እየሮጡ ነው። ቤተሰቡ ያለው የአባት ምስል ይኸው አንድ ብቻ ነው።

ዙማና መልእክት ሳጥኑን ሲከፍት የገጹ ኃላፊ የዊም ደብዳቤ ጠበቀው።

«ክቡር አባል፣ በወይዘሮ ሳራን ኬይታ ላይ በፈጸሙት ተደጋጋሚ ስድብና ዛቻ ምክንያት ከግሩፑ ተሰናብተዋል። ፎቶዎችዎ ዓርብ ይሰረዛሉ። ከአክብሮት ጋር።»

ዊም የቤልጂግ ሰው ነው። ማሊ ሰላም በነበረች ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት አቋርጧታል፤ ከዚያ ወዲህ ከግሩፑ አልተለየም። የገጹን ቁልፍ እንዲይዝ የመረጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ከሴጉ ሰው ማንም ቢይዘው «ለዘመዱ ያደላል» መባሉ አይቀርም፤ ዊም ዘመድ የለውም። ሰሞኑን ታዲያ የሴጉን ቋንቋ ባምባራን ወደ አገሩ ቋንቋ የሚመልስ ማሽን አገኘ። ተቀመጠና ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ጀመረ።

ከአንዲት የኬይታ ሕፃን እግር ሥር ዙማና እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ቶሎ ትደግና ወደ ኩሊባሊ እርሻ ትምጣ። እናንተ ኬይታዎች ለሌላ አትረቡም።» ከሌላው ሥር ደግሞ፦ «ሳራን፣ ገበያ አውጥቼ በፍየል ብለውጥሽ የሚከስረው የፍየሏ ባለቤት ነው።»

ሳራንም ዝም አላለችም። መልሷ ሁልጊዜ «አደንጓሬ በሊታ!» ነው፤ ፈሳም ማለቷ ነው። ማሽኑ ግን የምግብ ምክር አድርጎ ተረጎመውና ዊም አለፈው።

የኬይታና የኩሊባሊ ዘሮች ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። የተቆጣ ይሸነፋል፤ ዝም ያለ ደግሞ ታሟል ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ለዊም የነገረው ሰው የለም። መንገር እንደሚያስፈልግ ማን ያስባል?

ዙማና ሱቁን ሳይቆልፍ ሞተሩን አስነስቶ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሳራን ግቢው ውስጥ ሕፃን ትመዝናለች፤ እናቶች ክትባት ለማስከተብ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ደብዳቤውን አነበበላት። ሳቀች። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ እንደገና ሳቀች።

«ወይዘሮ ሳራን አለኝ? ስድቤ ውስጥ ማዕረግ አስገባልኝ!»

«አንቺ ሴት፣ አትሳቂ። ጻፊለት። የሰደበኝ በመብቱ ነው በዪው።»

«በነፃ?»

«ምን ልስጥሽ?»

«እዚህ፣ በእነዚህ ሁሉ ሴቶች ፊት ቁጭ ትላለህ። አደንጓሬ ትበላለህ። ከዚያ ኩሊባሊ የኬይታ ሎሌ ነው ትላለህ። እኔ ፎቶ አነሳለሁ።»

«ሞቼ ነው!»

«እንግዲያው አባትህ ዓርብ ይሞታሉ። ለሁለተኛ ጊዜ።»

ዙማና ጥርሱን ነከሰ። መሬት ተቀመጠ። ከበር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ አንድ ሳህን አደንጓሬ መጣ፤ ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ ሽንኩርቱ ተቆልሏል። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከበቡት።

«ጨምሪለት፣ ኩሊባሊ ነው፣ አይጠግብም!» አለች አንዷ።

«ነፋሱ በየት በኩል ነው? እኔ ወደዚያ ልሂድ!» አለች ሌላዋ።

ዙማና አፉን ሞልቶ «ኩሊባሊ የኬይታ ሎሌ ነው» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ጨው ይጎድለዋል!»

«ይኼን አላልኩህም።»

ዋጠና በግልጽ ተናገረው። እልልታው ማዋለጃ ክፍሉ ድረስ ተሰማ። ሳራን ፎቶውን አነሳች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ለዊም የምስክርነት ደብዳቤ ጻፈች፣ ማስረጃ እንዲሆን ፎቶውን ገጹ ላይ ለጠፈች፣ ከሥሩም «ሎሌዬ ቀለቡን ሲበላ። በሰላም እንኖራለን» ብላ ጻፈችበት።

ዊም ፎቶውን አየ። አንድ ሰው መሬት ተቀምጦ እንዲበላ ተገዷል፤ ዙሪያውን ሕዝብ ይስቅበታል። ከምሽቱ በፊት ሳራን ተባረረች።

በማግስቱ ረቡዕ ከሥራ እንደወጣች ሱቁ ደጃፍ ከተፍ አለች። ነጭ ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም።

«እኔን! ተሰዳቢዋን! ሰውየው ያመዋል እንዴ?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ» አለ ዙማና። «አደንጓሬዬን በከንቱ አበላሽኝ።»

«ሁለት ሳህን ነው የበላኸው። የሁለተኛውን ማን አዘዘህ?»

«ተይው። አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ይኼ ሰው እዚህ አገር ሲዞር የማን ቤት ነበር የሚያድረው?»

ሳራን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገባት። በዚህ አገር እንግዳ ያለ ስም አይሄድም። ቤቱ የሚያሳድረው ሰው የቤተሰቡን ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ የሚጠየቀው በዚያ ስም ነው።

ከግሩፑ ያልተባረረችውን የዙማናን ሚስት ስልክ ተበድረው የዊምን ፎቶዎች ወደ ኋላ ይገላብጡ ጀመር። ድልድይ። የቤልጂግ ዳመና። ሌላ ዳመና።

«ይኼ ሰውዬ ከዳመና ሌላ ነገር አያይም?» አለች ሳራን።

«አገሩ ያለው እሱ ነው፣ ምን ያድርግ። ግፊው።»

መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በፊት ከለጠፋቸው አንዱ ብቅ አለ። አንድ ብስክሌት ጭቃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሥሩ «ካንጋባ፣ ስም በሰጡኝ በአባቴ በኬይታ ቤት» ይላል።

«ወንድሜ ነው!» ብላ ጮኸች ሳራን።

ዙማና ደረቱን ነፋ። «ዘመድ የለውም ብለን ቁልፍ የሰጠነው ሰው? ኬይታ? ሎሌዬ ነዋ!»

«በል እንግዲህ፣ ጌትዬው፣ አናግረው።»

ዙማና ጉሮሮውን ጠረገ። ስልኩን እንደ ዳቦ ወደ አፉ አስጠግቶ የድምፅ መልእክት ቀዳ።

«አንተ ዊም ኬይታ! አንተ የሎሌ ልጅ! አንተ አደንጓሬ በሊታ! ኩሊባሊ ነኝ፣ ጌታህ። አገራችንን በብስክሌት የዞርከው እኮ አህያ የሚያበድርህ አጥተህ ነው። ጌታህን ከቤቱ ስታስወጣ እጅህ አልተንቀጠቀጠም? በሩን ክፈት። ካልከፈትክ ገበያ አውጥቼ እሸጥሃለሁ፤ ያውም ገዢ ከተገኘ። እሺ፣ ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆችስ? እናትህስ? ሰላም በልልኝ።»

ሐሙስ እስከ ቀትር መልስ አልመጣም። ዙማና ፍሬን ለጠየቀው ደንበኛ ሰንሰለት ሰጠው። ሳራን ሦስት ጊዜ ደውላ «ሰማው?» አለችው። አልሰማውም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። የዊም ድምፅ ነው፤ ማሽን ሳይሆን ራሱ፣ በተሰባበረ ባምባራ።

«ዙማና። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ሌባ አለኝ፣ ጎማዬን በነፃ ለጠፈልኝ። አንዱ ሎሌ አለኝ፣ ዓሣ አበላኝ። ስሜን ስነግራቸው ነበር የሚጀምሩት። ኩሊባሊዎች ናቸው፣ አሁን ነው የገባኝ። እስከ ዛሬ የመሰለኝ... ይጠሉኛል፣ ግን ጨዋዎች ናቸው ብዬ ነበር።» ወረቀት ይገላብጣል። «አደንጓሬ በሊታ» ሲል ቀስ ብሎ፣ እንደ ተማሪ አነበበ። «ልክ ነኝ?»

ዙማና ሱቁ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎቶዎቹ ተመለሱ። ሰንሰለቱም፣ ወንበሩም፣ ጫማውም። ዙማና ሌላውን ሳያይ የአባቱን ፎቶ ስልኩ ላይ አስቀመጠ፤ ዓርብ ጠዋት ፎቶ ቤት ወስዶ በትልቁ አሳተመው። እናቱ ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት ሰቀሉት። ሳይፈቀድለት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጫማውን ነው።

ሳራንም ወደ ግሩፑ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ «ያየሁት» ላይ ከማንም በላይ የተሰደበው አባል ዊም ኬይታ ነው።