እግረኛው ቋንቋ

ልጅ ሳለሁ እንግሊዝኛን እንደ ጅብ ነበር የምፈራው። ከሚሴ፣ እኛ ቤት የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ ሱቅ ስላክ አማርኛ፣ ቁርኣን ቤት ደግሞ አረብኛ። ታላቅ ወንድሜ ግን ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነበትና፣ ያ ቀልደኛ ልጅ ቀልዱን ትቶ ባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ አፍጥጦ ያመሽ ጀመር። ነገ የእኔም ተራ ነው እያልኩ እፈራ ነበር።

ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመግሪብ በኋላ አያታችን አባባ ዘንድ እንሰበሰባለን። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋሮች ግመል ይዘው በሚመጡበት ሰንበቴ ገበያ ከብት ሲነግዱ የኖሩ፣ ተረት ሲጀምሩ ፍሙን በእንጨት የሚቆሰቁሱ ሰው ነበሩ። አንድ ምሽት፣ የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ የጅብና የቀበሮውን ተረት ትተው የጨነቀኝን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፦ እንግሊዞቹ ራሳቸው ከሚሴ ሳይደርሱ ቋንቋቸው እንዴት ደረሰ?

«ያ ኢንተላ ኮ፣» አሉ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፣ «እኔ አፋርኛ የለመድኩ ወድጄ መሰለሽ? ግመሉ የአፋሩ ነው። ገበያው ባለ ግመሉ ባወራበት ነው የሚያወራ። እንግሊዝም መርከብ ነበረው። መጀመሪያ ሸቀጡን ጫነ፣ ኋላ ወታደሩን፣ ከዚያ አስተማሪውን። እሱ ሲደክም ያንኑ ቋንቋ የሚናገር አሜሪካ ገበያውን ወረሰ። ወላሂ፣ ቋንቋው ጣፍጦ አይደለም!»

«የእኛስ?»

«የእኛማ እግረኛ ነው። ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ነው የሚሄድ። መሐል ላይ አንዱ ከቆመ ይቆማል።»

እኔ ያኔ የሰማሁት የግመሉን ብቻ ነው። ግመሉ ላይ ልወጣ ቆርጬ ተነሣሁ፤ አጠናሁ፣ አለፍኩ፣ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ፣ ልጄንም ገና በጨቅላነቷ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስገባኋት።

ባለፈው ዒድ ከሚሴ ወሰድኳት። ዓይናቸው የደከመው አባባ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው «ረቢ ሲ ሃ ጉዲሱ» ብለው መረቋትና ጠበቁ። እኛ ዘንድ የተመረቀ ልጅ ወዲያው «አሚን» ይላል፤ ምርቃቱን የሚቀበለው በዚያ ነው። ልጄ ግን ቀና ብላ እኔን አየችኝና ምን እንዳሉ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«አላህ ያሳድግሽ ነው የሚሉሽ» አልኳት በአማርኛ።

«አሚን» አለች።

አባባ ግን እስከዚያ እጃቸውን ከራሷ አንሥተው ነበር።

ያ የልጅነት ፍርሃት ዛሬም አለቀቀኝም፤ የምፈራው ግን እንግሊዝኛን አይደለም። መሐል ላይ የቆምኩት እኔ እንዳልሆን ነው።