በቀን የታጠበ ጨርቅ

ወረታ ውስጥ የሸዋነሽ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚወራው ምላሷ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ምላስስ ነበራት። ያን ምላስ የሞረደው ግን ቤት ፍለጋ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ከሚያስታውሱትም ግማሾቹ ስለሚያፍሩ አያወሩትም።

የተወለደችው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ የተዳረችውም እዚያው፣ ካሴ ለሚባል ገበሬ። አማቷ እማማ አገኘሁሽ ደግሞ በሙሽርነቷ ያስለቀሷት ሴት ነበሩ። ያቦካችው አይጥማቸውም፣ የጠረገችው አይጠራላቸውም። ኋላ በዚያ ክፉ የንዳድ ዓመት ፎገራ ቤት ለቤት ሲያለቅስ ካሴ ሞተ፣ ሸዋነሽም ራሷን ሳታውቅ ወደቀች። ያን ጊዜ እኒያ ክፉ አማት ልጃቸውን ቀብረው በተመለሱ እግራቸው ምራታቸው አጠገብ ተቀመጡና ውሃ በጣታቸው ጫፍ ከንፈሯ ላይ እያንጠባጠቡ አነሷት። ሸዋነሽ ስትድን ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገሩም። መነጋገር አላስፈለጋቸውም።

ከዓመታት በኋላ የአማቷ እግሮች አልታዘዝ አሉ። በዚያው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባሕር ሲያደርገው ጎጇቸው ከሥር እየሟሟ ተደረመሰ። የካሴ ወንድሞች የአባታቸውን መሬት ተካፍለው ሲያበቁ እናታቸውን ለመካፈል ግን ማንም እጁን አላነሣም። ሸዋነሽም በጋው ሳያልቅ በቅሎ ተውሳ አማቷን አስቀመጠችና ወረታ ገባች። ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ባል አግቢ፣ እሳቸው ምንሽም አይደሉም ላሏት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ከተማ ውስጥ አንድ የሩቅ ዘመድ የጥጃ ጋጣውን ለቀቀላቸው። ለጊዜው ነው። ሰኔ ገብቶ ከብቱ ከሜዳው ሲወጣ ጥጆቹ ወደ ጋጣቸው ይመለሳሉ፤ ሰዎቹ ደግሞ የትም ይሂዱ። ሸዋነሽ በየቤቱ እየዞረች እህል ታበጥራለች፣ ትፈጫለች፤ በተረፋት ጊዜ የሚከራይ ክፍል ትፈልጋለች።

ከሁሉ የተሻለውን ያገኘችው ከአቶ ያየህ ቤት ጓሮ ነው። አንዲት ክፍል፣ ጣሪያዋ የማያፈስ፣ ኪራይዋም አቅሟን የማያልፍ። አቶ ያየህ እሺ ሊሉ ደርሰው ነበር፤ አብሯት የሚኖረው ማን እንደሆነ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እድር አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። የለንም አለች። እንግዲያው እኒህ ሴት ከእኔ ቤት ቢሞቱ ቀባሪያቸው እኔ ልሆን ነው፣ የማላውቀው ሰው ሬሳ ከደጄ ሊወጣ ነው አሉና፣ እድር ግቡና ኑ ብለው ሰደዷት።

ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ አዛናው ሮጠች። አቶ አዛናው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በሚገባ አዳመጧትና፣ በሰፈሩ ቤት የሌለው ሰው እድር መግባት እንደማይችል አስረዷት። ቤት ይዘሽ ነይ አሏት። ቤት የሌለው እድር አይገባም፣ እድር የሌለው ቤት አያገኝም። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው መሳደብ ይቻላል። ደግሞ አቶ አዛናው ምክር ጨመሩላት፤ አሮጊቷ ቆብ ጭነው ደጀ ሰላም ቢጠጉ የሚመጸውት አይጠፋም አሏት።

«እማማ ቆብ መጫን ሲያምራቸው ራሳቸው ይነግሩኛል» አለች ሸዋነሽ። «ቤት ስላጣሁ ግን አላመነኩሳቸውም።»

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ቤት ጨርቁ ብዙ ነው። ሸዋነሽ ያን ጨርቅ የምታጥበው ጎህ ሳይቀድ ነበር፤ ከውሃ ቀጂዎቹ በታች፣ ወንዙ ታጥፎ ከሚሰወርበት። አንድ ቀን ከዚያች ቦታ ሌላ ሴት ቀድማት ተቀምጣ አገኘች። ደብረወርቅ ትባላለች፤ ዓይናቸው የጠፋና ከመኝታ የማይነሡ አባቷን ትጦራለች። ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛዋ መጣች፤ ቱርኪያ፣ ባሏ ጨው ነጋዴ ነው፤ እሷ ደግሞ አእምሯቸውን የሳቱ አማቷን ትጠብቃለች። ሦስቱም ጨርቃቸውን ከኋላቸው ለመደበቅ ሞከሩ፤ ኋላ ተያዩና ሳቁ። አንዳቸው ከሌላው ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ እየኖሩ፣ እያንዳንዳቸው ይህ መከራ በእኔ ብቻ የመጣ ነው ብለው ሲያፍሩ ከርመዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተረዳዱ። አንዷ ገበያ ስትሄድ ሌላዋ የእሷን ተጧሪ ታገላብጣለች፣ ታበላለች። ሁለቱ ሲያለቅሱ ሦስተኛዋ ትቆጣለች፤ የምትቆጣው አብዛኛውን ጊዜ ሸዋነሽ ናት። ጽዋ የሌለው ማኅበር ነበር፤ ስምም አላወጡለትም። ቤት ግን ሁለቱም አልተረፋቸውም፤ የደብረወርቅም የቱርኪያም ቤተሰብ የታጨቀው በአንዳንድ ክፍል ነው።

ሰኔ ገባ። ዘመድየው ጥጆቹን እያየ መተከዝ ጀመረ። ያን ጊዜ እማማ አገኘሁሽ ከተኙበት ሆነው ሐሳብ አመጡ።

«እኔን ሳያዩ ነው እንቢ ያሉት» አሉ። «ከሸንጓቸው ውሰጂኝና ዓይኔን እያዩ እንቢ ይበሉኝ።»

እድሩ የሚሰበሰበው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከዋርካው ሥር ነው። ሦስቱ ሴቶች ሁለት አጣና በጠፍር አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ከፊት ደብረወርቅና ቱርኪያ፣ ከኋላ ሸዋነሽ ሆነው አሮጊቷን አንሥተው ወጡ። ገና ከመንገዱ ሳይደርሱ ካፊያ ጣለ፤ ሸዋነሽም ብርድ እንዳይመታቸው ብላ ጋቢያቸውን ከራስ እስከ እግራቸው ሳበችላቸው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይባላል። መጀመሪያ ያያቸው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። ሁለተኛው፣ ሴት ቃሬዛ ተሸክማ ስትሄድ ማየት ቢያሳፍረው፣ ሮጦ የቱርኪያን ቦታ ተቀበለ። ሦስተኛውና አራተኛው ተከተሉት። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየደጁ ብቅ አሉ፤ አንዷ ማንን እንደሆነ ሳታውቅ ሙሾ ጀመረች። ደብረወርቅ ደንግጣ ሸዋነሽን አየቻት። ሸዋነሽ ከንፈሯን ነክሳ መራመዷን ቀጠለች። ከጋቢው ሥርም ድምፅ አልወጣም፤ እማማ አገኘሁሽ በዕድሜያቸው ዝም ያሉት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዋርካው ሥር ሲደርሱ መንደሩ ሁሉ ከኋላቸው ነበር። አቶ አዛናው ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ አሉ። ወዲያው እንደ ልማዳቸው ሥራ አከፋፈሉ፤ እናንተ መቃብር ቁፈሩ፣ እናንተ ድንኳኑን አውጡ፣ ውሃ የሚቀዳ ይሂድ አሉ። ደግ ነበሩ፤ ለሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነበሩ።

«አቶ አዛናው» አለች ሸዋነሽ፤ «እድር አላቸው ወይ ብለው አልጠየቁም። ቤት አላቸው ወይ ብለውም አልጠየቁም።»

«ከሬሳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?» አሉ አቶ አዛናው።

ጋቢው ተነሣ። እማማ አገኘሁሽ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ሙሾ አውራጇ ጮኻ ሸሸች፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቃሬዛውን ሊጥለው ነበር።

«እንግዲያው ሬሳ እስክሆን አትጠብቁኝ» አሉ። «ለሬሳዬ ድንኳን ስታስወጡ ሰማሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ግን ሬሳ ዝናብ አይመታውም፤ የሚመታው እኔን ነው። ያሰባችሁልኝን ዛሬ ስጡኝና ስሞት ከፈለጋችሁ ተዉኝ።»

አቶ አዛናው ተቆጡ። መዘባበቻ አደረግሽን አሏት ሸዋነሽን። እሷም እናታችን ሞተች ያለ ሰው እንደሌለ፣ ሰዉ ሳይጠይቅ እንደተሸከመ፣ ሳይጠይቅ እንዳለቀሰ ነገረቻቸው። ሕዝቡ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አንገቱን ደፋ። እማማ አገኘሁሽ ግን ዞር ብለው ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከማቸውን ሰው አዩ። ደልደል ያለ ትከሻ ነው፣ አላንገላታኝም፣ ማነህ አንተ ልጄ አሉት።

አቶ ያየህ ነበሩ። ካፊያው ኮታቸውን አርሶት፣ አጣናው አሁንም ትከሻቸው ላይ ነበር።

«እንግዲህ አንድ ጊዜ ተሸክመኸኛል» አሉ አሮጊቷ። «ቤትህም ይሸከመኛል።»

አቶ ያየህ አጣናውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ኋላ ወደ ዳኛው ዞረው ቤት አላቸው አሉ፤ የእኔን ጓሮ ተከራይተዋል። ቤት ካላቸው ደግሞ እድር መግባታቸውን የሚከለክል ደንብ አልነበረም። አቶ አዛናው ኮፍያቸውን መልሰው ራሳቸው ላይ ደፉ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሸዋነሽን መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላም ሳይሏት ያልፉ ነበር። እሷ ግን ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰላም ትላቸዋለች።

ሦስቱ ሴቶችም ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ መውረድ ተዉ። ፀሐይ ወጥታ፣ በገበያው መሃል፣ ዘንቢላቸውን በራሳቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። አፍንጫውን የያዘ ነበር። ሸዋነሽ ለእንዲህ ያለው ሰው፣ አንተም ስታረጅ ሽቶ አይወጣህም ብላ ታልፋለች። እያደር ሌሎች ሴቶች ተጨመሩ፤ ሁሉም ቤታቸው የሚጦር ሰው ያላቸው ናቸው። በየስብሰባው እየሄዱ የእድሩ ድንኳን ክረምት ክረምት ጎጇቸው ለሚያፈስ ሽማግሌዎች በውሰት እንዲሰጥ ይጠይቃሉ፤ ዳኛው በየስብሰባው ይከለክላሉ፤ እነሱም በሚቀጥለው ደግመው ይጠይቃሉ።

ክረምቶች አለፉ። እማማ አገኘሁሽ በአቶ ያየህ ጓሮ ተኝተው መጪውን ሂያጁን መተቸታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሸዋነሽ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ከመታጠፊያው ሥር ያጎነበሰች ሴት አየች። ጠጋ ስትል የአቶ አዛናው ሚስት ናቸው። አቶ አዛናው ግማሽ ጎናቸው ከድቷቸው መተኛታቸውን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሴትዮዋ ጨርቁን ከኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ብዙ ነበር። ለማንም እንዳትነግሪብኝ ብለው ለመኗት።

ሸዋነሽ እንስራዋን አስቀመጠች። የምትለው ብዙ ነገር ነበራት፤ ምላሷ ላይ ደርሶም ነበር። ዋጠችውና ከጎናቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ አንዱን ጨርቅ አንሥታ ማሸት ጀመረች። አብረው አሽተው፣ አጥበው፣ ጨመቁ።

«ዛሬን አግዤዎታለሁ» አለች ስትነሣ። «ከነገ ጀምሮ ግን በቀን ይምጡ። እኛ የምናጥበው በቀን ነው።»

በማግስቱ ፀሐይዋ ከፍ ስትል የዳኛው ሚስት ዘንቢላቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ በገበያው መሃል አልፈው ወረዱ።