በሁለት ሰው የሚጎርስ ጠመንጃ

በእኛ ሸለቆ ዴልበርት ሩፕ ያልወረደበት ምድር ቤት የለም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ማሞቂያ ሲጠግን ኖሯል። በበረዶው ወራት፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ስልክ ከተደወለለት የገና እራቱን ትቶ ይመጣል። የኔንም ቤት ሁለት ጊዜ ከብርድ አድኗል። መሣሪያውን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሠርቶ ይሄዳል። ይህን ዝምተኛ ሰው ማስለፍለፍ የሚፈልግ ስለ ጠመንጃው ብቻ ይጠይቀው።

ጠመንጃው ቶምሰን ነው፤ ድሮ በጦርነት ይያዝ የነበረው አውቶማቲክ። እንዲያውም የቶምሰን መንትያ ቢባል ይሻላል። እውነተኛው ቃታው ከተያዘ ካዝናውን እስኪጨርስ ይንጣጣል፤ የዴልበርቱ ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚተኩሰው። ሕጉ አጭር አፈሙዝ ስለሚከለክል አፈሙዙ ረዝሞ መልኩም ትንሽ ያስቃል። ክብደቱ ለጉድ ነው። ለአደን ይዞት የሚወጣ ሰው ቢኖር አጋዘኑ በሳቅ ይሞታል። በተኩስ ክበባችን ውስጥ ሃርላን የሚባል ቀልደኛ አለ፤ ዴልበርትን ባየው ቁጥር፣ "ያንን ቧንቧ ለምን አንዱ ማሞቂያ ላይ አትገጥመውም?" ይለዋል። ዴልበርት ግን በልጅነቱ አጎቱ ቶምሰን አንግቶ ከጦር ሜዳ የላከውን ፎቶግራፍ ሲያይ ነው ያደገው። በሠላሳ አራት ዓመቱ ገዛው።

ሚስቱ ኖርማ ያን ቀን ልታነሳው ሞከረችና መልሳ አስቀመጠችው። "በቅሎውንም አብረው ይሸጣሉ ወይስ አንተው ነህ የምትሸከመው?" አለችው። ነገሩ ሲታይ ግን ጠመንጃው ያለ ኖርማ አይሠራም። ሃምሳ ጥይት የሚይዘው ክቡ ካዝና የሚገባው ከጎን ተንሸራቶ ነው። ሲገባም ሲወጣም ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ መያዝ አለበት፤ ሞላው ደግሞ የበሬ ጉልበት ይፈልጋል። አንድ እጅ ለጠመንጃው፣ አንድ እጅ ለማቀባበያው ከሆነ ለካዝናው የሚተርፍ እጅ የለም። ለዚህ የሚሆን ማያዣ ይሸጣል፤ ዴልበርት አልገዛም። እሱ ይስባል፣ ኖርማ ታስገባለች። ሲነታረኩ ከተኩሱ ይልቅ የሚሰማው የነሱ ድምፅ ነበር።

"ሳብ እንጂ!"

"ከሳብኩ ስንት ሰዓቴ! አስገቢው በቃ!"

"ይሄ መሳብ ነው? ቁርስ አልበላህም እንዴ?"

እኔ ዶሪን ነኝ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የክበባችንን የተኩስ መስመር እቆጣጠራለሁ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ኖርማ ጓደኛዬ ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት፣ ሁለቱ ሃምሳውን ጥይት ተኩሰው እንደጨረሱ "ራሴን አዞረኝ" አለችና ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ሰኞ ሞተች። ባዶው ካዝና ጠመንጃው ላይ እንደተገጠመ ቀረ።

ካዝና እንደተገጠመበት የመጣ ጠመንጃ ወደ ተኩስ መስመራችን አይገባም፤ ባዶም ይሁን ሙሉ። ስለዚህ ዴልበርት ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ እጁን እየመጣ የክበቡን የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠግን ይውላል። ስንት ሰው ለመነው! "አምጣው፣ እኛ እናወጣልሃለን" ሲሉት "እዚያው ደህና ነው" ይላል። እኔም ተቀየምኩት። ለሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ የነበርኩት ሴትዮ እጅ የለኝም? አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት።

"እጅ አጥተሽ አይደለም" አለኝ። "የገጠመችው እሷ ናት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ተውኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይላል ሃርላን።

በዚህ መስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ረጅሙን ሳጥን ተሸክሞ መጣ። የቀኝ አውራ ጣቱ መገጣጠሚያ አልቋል፤ ዕድሜ ልክ የዛገ ብሎን ሲፈታ የኖረ ጣት ነው። ሐሙስ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ተኩስ የሚባል ነገር እንዳታስብ ብሎታል። ዛሬ ካልተኮሰ አበቃ። መተኮስ ደግሞ ካዝናውን ማውጣት ነው።

"ተገጥሟል?" አልኩት።

"ተገጥሟል።"

"ደንቡን ታውቃለህ።"

"ደንቡን የጻፈችው ኖርማ ናት፤ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

እውነቱን ነው፤ የክበቡ ጸሐፊ እሷ ነበረች። ከመስመሩ ውጭ ያለው መፈተሻ ጠረጴዛ ላይ ሳጥኑን ከፈተ። አፈሙዙን ጥይት ወደሚያስቀረው የአፈር ክምር አዙሮ ማቀባበያውን ሳበ። ግማሽ ድረስ መጣና አመለጠው። ደገመ። በሦስተኛው ፊቱ ቀላ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ላግዝህ ካልኩት ሳጥኑን ዘግቶ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

"ዶሪን።"

"አቤት።"

"ሳቢልኝ።"

ሳብኩ። ትከሻዬ ቋ አለ። "በስመ አብ! አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ነው የምትስበው?"

"አታውሪ፣ ያዢ።"

ጎንበስ ብሎ ካዝናውን ያዘና ቀጥ አለ። "በየት በኩል ነው የሚወጣው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? አርባ ዓመት እዚሁ ቆመህ!"

"እኔ ምኑን አይቼ! ዓይኔ ኢላማው ላይ ነበር።"

"እጄ ሊገነጠል ነው፣ አንተ ሽማግሌ!"

ከሥር ያለችውን መያዣ በግራ እጁ ዳብሶ አገኛት፤ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ወደ ግራ አንሸራቶ አወጣው። ማቀባበያውን ቀስ አድርጌ መለስኩ። ካዝናውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ቆመ። እኔ ዞር ብዬ ጥፋት ያላጠፋ ሰው ላይ ጮህኩ፤ የሆነ ቦታ መጮህ ነበረብኝ።

ሃምሳውን ጥይት አንድ በአንድ ካዝናው ውስጥ ከደረደረ በኋላ ወደ መስመሩ ገባን። እንደገና ሳብኩ። ማስገባቱ ከማውጣቱ ይብሳል፤ የካዝናው ጠርዝ መንገዱን በትክክል ካላገኘ አይሄድም። እሱ ሲታገል ማቀባበያው ከእጄ ትንሽ ሸሸ። ዴልበርት እጁን ነጥቆ አወጣ። ጨርሶ ቢያመልጠኝ ኖሮ ውስጥ ያለው ብረት ተመልሶ ጣቱን ነበር የሚበላው። ካዝናው የሚገባበትን ቀዳዳ አየ።

"እጇ እዚህ ውስጥ ነበር" አለ።

"ምን?"

"የሷ እጅ። እኔ ቶሎ በይ እያልኩ ስጮህባት፣ እጇ እዚህ ውስጥ ነበር። ብለቅ ኖሮስ?"

"አልለቀቅህማ።"

"አልለቀቅሁም። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ 'እንዳትለቅ' ብላኝ አታውቅም።"

ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ካዝናውን አስገባ። ከዚያ ሰደፉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላው ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ በሌባ ጣቱ ቃታውን ሳበ። አንድ። ቆየ። ሁለት። በዚያ ጠመንጃ እንደዚያ በዝግታ የተኮሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌሎቹ መተኮስ አቁመው አዳመጡት። ሃርላን እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ከጥይቱ ግማሹ ኢላማውን ስቷል፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሃምሳው ሲያልቅ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና ቀና ብሎ አየኝ። ካዝናው መውጣት አለበት። እኔ ሳብኩ፣ እሱ እጁን አስገባ። እንዳትለቂ አላለኝም።