ዘጠኝ ጊዜ የታተመች ድንጋይ

እስካሁን ሳስበው እደነግጣለሁ። ዓርብ ማታ የካርቶን ቤቴን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ሰኞ ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን አስረክባለሁ፤ አባዬ ገና ከበሩ ሆኖ አየውና «ይሄ ቤት ይፈርሳል» አለ።

ደግሞ እንዴት ያለ ቤት መሰላችሁ! የጎረቤታችንን የድንጋይ ግንብ በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በከለር ዘጠኝ ቅጠል አሳትሜ፣ ካርቶኑን ዙሪያውን ለጥፌበታለሁ። እማዬ በጣቷ ነካ አድርጋ ሻካራ ስላልሆነባት «ዋእ! ወረቀት ነው እንዴ?» ብላለች። እማዬ የደሴ ልጅ ናት፤ «ዋእ» የምትለው የምር ስትደነግጥ ብቻ ነው።

የቸገረኝ አባዬ ነበር። አባዬ ግንበኛ ነው። ከካርቶን ጋር ስታገል ባየኝ ቁጥር «ጨዋታሽን ስትጨርሺ መብራቱን አጥፊ» ይለኛል። ጨዋታ! እኔ ደግሞ ከአስተማሪው ማርክ ይልቅ የሱን አንድ ቃል ነበር የምፈልገው።

«አባዬ፣ ካርቶን እኮ ነው። ምን ያፈርሰዋል?»

«ካርቶኑን መች አልኩ? ድንጋዩን ነው።» የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ቁጢጥ አለ። ቅንድቡ ላይ የድንጋይ ዱቄት ነበር። «ይቺን የፍየል ጭንቅላት የምትመስል ድንጋይ አየሻት? እዚህም አለች። እዚህም። እዚያም። ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ዘጠኝ መንትያ የወለደችው እናት የትኛዋ ናት?»

እማዬ ሳቀች። እኔ ወደ ቤቱ ጎንበስ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍጥጬባት አላየኋትም!

«ይሄ ደግሞ ባሰ» አለና ወረቀትና ወረቀት የተገናኘበትን መስመር በአውራ ጣቱ ከጣሪያ እስከ መሠረት ወረደበት። «መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ። እንዲህ የተሠራ ግንብ በክረምት መሐሉ ይሰነጠቃል። ማዕዘኑማ…»

ማዕዘኑ ላይ ድንጋዮቹን እንደ ዳቦ በምላጭ ቆርጫቸዋለሁ፤ በአንዱ ፊት ግማሽ ድንጋይ ያልቃል፣ በሌላው ፊት የሌላ ድንጋይ ግማሽ ይጀምራል።

«ድንጋይ ማዕዘን ላይ ይዞራል እንጂ አይቆረጥም።»

«እስቲ ልጄን ተዋት!» አለች እማዬ።

እንባዬ መጣ። አይቶኝ ይሁን አላውቅም፣ «ነገ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ከኔ ጋር ነይ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኲሓ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር የሚገነባው ቤት ጋ ወሰደኝ። ገና ስልኬን ሳወጣ የሥራ ጓደኞቹ «ተቆጣጣሪ መጣችብን! አንተ፣ ሆድህን ሰብስብ!» እያሉ ተሳሳቁ። እኔ ግንቡ ማዕዘን ፊት ተንበረከክሁ። ሁለተኛው ድንጋጤ እዚያ ያዘኝ። አንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደዚህ፣ ከሱ በላይ ያለው ረጅም ጎኑን ወደዚያ እያደረጉ፣ ጣት ከጣት እንደሚቆላለፍ ተያይዘዋል። በየቀኑ ስንት የድንጋይ ቤት አጠገብ አልፋለሁ! ዓይኔ የት ነበር?

ፊቱንም ጎኑንም ፎቶ አነሳሁ። ሌሎች ግድግዳዎችም አነሳሁ፣ የፍየሏ ጭንቅላት እንዳትደገም። ከዚያ የማዕዘኑን ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አንድ ወረቀት ላይ አሳተምኩ። ቤት ገብቼ አሮጌውን ወረቀት ላጥኩት፤ አዲሱን ወረቀት መሐሉ ላይ በምላጩ ጀርባ ጫን ብዬ አስምሬ ማዕዘኑ ላይ አጠፍኩት። ድንጋዩ ዞረ! ስጮህ እማዬ ከጓሮ እየሮጠች መጣች፣ እጄን የቆረጥኩ መስሏት። ሌሎቹን ወረቀቶች የድንጋዮቹን ጠርዝ እየተከተልኩ እንደ መጋዝ ጥርስ ቆረጥኳቸው፤ አንዱ አንዱ ውስጥ ገባ፣ ያ መስመር የት እንደገባ እኔም ፈልጌ አጣሁት።

እሁድ ከሰዓት አባዬ ፊት አቆምኩት። ተነስቶ ከሥራ ቦርሳው ቱንቢውን አወጣ፤ ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን፣ ክር ላይ የተንጠለጠለውን ብረት። ከጉልበቴ ለማይበልጥ የካርቶን ቤት! አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን በማዕዘኑ በኩል አወረደው። እማዬ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ እኔ ክሩን በዓይኔ እከተላለሁ።

ክሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«ሰኞ በባጃጅ እንዳትወስጂው» አለኝ። «ተሳፋሪዎቹ ይጨፈልቁታል። ከሥራ አርፍጄ እኔ ተሸክሜልሽ እሄዳለሁ።»